የአባ ኮዳ ጉርድ ፎቶ

ስለ ወፍ ላውጋችሁ። ስለ ብርቅ ወፍ ግን አይደለም። በአገራችን ከ850 የሚበልጥ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፤ ከሩቅ አገር አውሮፕላን ተሳፍረው መጥተው፣ ያቤሎና ነጌሌ ድረስ ወርደው፣ ሌላ ቦታ የማትገኝ አንዲት ወፍ ለማየት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚውሉ ሰዎች አሉ፤ ድካማቸውን እግዜር ይቁጠርላቸው። እኔ የማወጋችሁ ቆርቆሯችን ላይ ስለምትንጫጫው ድንቢጥ፣ ሥጋ ቤት ደጃፍ ስለሚቆመው ቁራ፣ ዓሣ ሲበለት ከሰው ክርን ሥር ስለሚጋፋው አባ ኮዳ ነው። እነዚህን ከልጅነታችን ጀምሮ ስላየናቸው ዓይናችን አልፏቸው መሄድ ለምዷል። ፎቶ የሚያነሳቸው ሰው ቢገኝ እንኳ እንደ ቆመ፣ ከላይ ወደ ታች አይቶ፣ አንዴ ጠቅ አድርጎ ይሄዳል፤ ከዚያም ፎቶው ላይ ወፍ መኖሩ ይታያል እንጂ የትኛው ወፍ እንደሆነ፣ ወዴት ያይ እንደነበር፣ ጠዋቱ ምን ዓይነት ጠዋት እንደነበር አይታይም።

ይህን ነገር አስተውዬ እንዳይ ያደረጉኝ አንድ አረጋዊ ፎቶ አንሺ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ጋሼ ጎልማሳነታቸውን በሙሉ ፎቶ ቤት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ በመጀመሪያ በያሺካ፣ ቀይ መብራት ባለበት ጨለማ ክፍል እያጠቡ፣ ኋላም በዲጂታል፣ የተማሪውን፣ የሙሽራውን፣ የተመራቂውን፣ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደውን ልጅ ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ኖረዋል። ሙያው በአገራችን ሥር ያለው ሙያ ነው፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሳ ነበር፣ ከእሱም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ተቀበሉት፣ ከዚያም ወጉ ከፎቶ ቤት ወደ ፎቶ ቤት፣ ከጌታ ወደ ሠራተኛ እየተላለፈ እነ ጋሼ ዘንድ ደረሰ።

የጋሼ ፎቶ ቤት ሕግ ብዙ አልነበረም፤ የነበረው ግን አይሻርም። ካሜራው ከተቀማጩ ዓይን ጋር እኩል ይሁን፤ ሰውየው አጭር ከሆነ ካሜራው ይወርዳል፣ ሕፃን ከሆነ አንሺው ይንበረከካል። ዓይን ጥርት ካላለ ሌላው ሁሉ ቢጠራም ፎቶው ለባለቤቱ አይሰጥም። ሰው ፊቱን ባዞረበት በኩል ሰፋ ያለ ቦታ ይተውለታል፤ ከኋላው ጠበብ ቢል አይጎዳውም። ሲቆረጥም ደረት ላይ ይቆረጣል እንጂ አንገት ላይ፣ ክርን ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ መጋጠሚያ ባለበት ሁሉ አይቆረጥም፤ ጤነኛውን ሰው አካሉ የጎደለ ያስመስለዋልና። መጋረጃውም ከፊቱ ጋር እንዳይሻማ ከሰውየው ራቅ ብሎ ይሰቀላል። ይኸው ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ይኸው ነው።

ከዚያም የእህታቸው ልጅ መጣች። ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ የያዘች፣ ቁጥብ ልጅ ናት፤ ከደመወዟ እያጠራቀመች ያገለገለ ካሜራና እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚስብ ሌንስ ገዝታ፣ ቅዳሜና እሑድ በየግቢውና በየወንዙ ዳር ወፍ ታነሳ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራዎቿን በትልልቅ ወረቀት አሳትማ ይዛላቸው መጣች፤ እኔም እዚያው ቡና ልጠጣ ተቀምጬ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ በጣታቸው ይዘው፣ ሳይቸኩሉ አዩት። ርግቧ ወረቀቱ መሐል ላይ ናት፣ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ነጭ ነው፣ እግሯ የለም። ድንቢጧ ከላይ ታይታለች፣ ጀርባዋ እንጂ ፊቷ አይታይም። ዋኔዋ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ናት፣ ሽቦው አንገቷን አቋርጦ ያልፋል። ጋሼ ሁሉንም አይተው ሲጨርሱ ወረቀቶቹን አስተካክለው ደረደሩና፣ «ልጄ፣ አንስተሻቸዋል፤ ግን አላስቀመጥሻቸውም» አሏት።

«ወፍ እንዴት ይቀመጣል ጋሼ? ይበራል እኮ» አለች።

«ቶሎ የማይበር አለ» አሉ። «ሐዋሳ እንውረድ። አባ ኮዳ ሰው አይፈራም፤ ከማይሸሸው ከተማርሽ የሚሸሸው አያስቸግርሽም።»

እናም በጥቅምት፣ ዝናቡ አብቅቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ አደይ አበባው ከየዳገቱ ጨርሶ ሳይረግፍ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሳንና በአንድ ዘመድ መኪና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረድን። 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ቢሾፍቱን በጨለማ አለፍን፣ ሞጆ ስንደርስ ነጋልን፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ታጥፈን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ገባን፣ ከዚያም ብርዱ ለቀቀንና ነጠላችንን ከትከሻችን አወረድን፣ መቂ ላይ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በመንገዱ ዳር ተደርድሮ ሻጮቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ጠሩን፣ ከመቂም ወዲያ ግራሩ በዛ፣ ከግራሩም ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቢጫዎቹ ወፎች ከሣር ጎንጉነው የሠሩት ጎጆ በነፋሱ ይወዛወዝ ነበር። ጋሼ ከፊት ወንበር ሆነው መስኮታቸውን ከፍተው ይሄ ሁሉ ሲያልፍ ያያሉ። ልጅቱ ከኋላ ካሜራዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

ባቱ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። እዚያ አካባቢ ያሉ የሻይ ቤት ግቢዎችን የሚያውቅ ሁሉ የምነግራችሁን ወፍ ያውቀዋል፤ ራሱ ጥቁር፣ ጀርባው ሰማያዊና አረንጓዴ እየሆነ የሚያብረቀርቅ፣ ደረቱን ነጭ መስመር የሚያቋርጠው፣ ከዚያ በታች ሆዱ የሸክላ ቀለም ያለው፣ በየጠረጴዛው ሥር ፍርፋሪ የሚለቅም ደፋር ወፍ ነው። ልጅቱ ወዲያው ብድግ ብላ ካሜራዋን ወደ መሬት አዘነበለች። ጋሼ ምንም አልተናገሩም፤ ስኒያቸውን በአንድ እጃቸው ይዘው የሌላውን እጃቸውን መዳፍ ወደ መሬት ገልብጠው ቀስ አድርገው ዝቅ፣ ዝቅ አደረጉት። እሷም እጃቸውን እያየች ዝቅ አለች፣ ከዚያም ተቀመጠች፣ ከዚያም ክርኗን መሬት ላይ አስደግፋ ሌንሱን ከሣሩ ጋር እኩል አደረገችው። ወፉ ዞሮ አያት። ያን ጊዜ ነው የዓይኑን ቀለም ያየችው፤ ከጥቁሩ ፊት መሐል የሚያበራ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ዓይን ነው። «ዓይኑ ነጭ ነው ለካ!» ብላ ጮኸች፤ ወፉም ደንግጦ ተነሥቶ ጣሪያው ላይ አረፈ። ጋሼ ሻያቸውን ጨረሱ።

ከባቱ ወዲያ ባለው መንገድ ጋሼ የሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ አወጉን። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን ይባላሉ፤ እንግሊዝ አገር፣ በዮርክሺር ተራሮች መሐል፣ ትዌይት ከምትባል ትንሽ መንደር የወጡ የገጠር ልጆች ናቸው። ታላቁ ሪቻርድ በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ እግሩን ተጎድቶ ሲያነክስ ነው የኖረው። ሁለቱም ለንደን ገብተው በአንድ አሳታሚ ድርጅት ተቀጠሩ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1892 ታናሹ ቼሪ የአንዲት ወፍ ጎጆ ከነእንቁላሉ በካሜራ አነሳ፣ ከዚያም በ1895 የእንግሊዝ አገር ወፎችን ጎጆ የሚያሳይ፣ ሥዕሎቹ ሁሉ በቦታቸው የተነሱ ፎቶግራፎች የሆኑበት መጽሐፍ አወጡ። በዚያ ዘመን ካሜራ ከነመቆሚያው በትከሻ የሚሸከሙት ሣጥን ነው፤ ምስሉ የሚቀረጸው በመስታወት ላይ ነው፤ በጣም ካልቀረቡ ወፉ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ወንድማማቾቹም አሰቡ፣ አሰቡና የበሬ ቆዳ ቆሞ እንዲታይ አድርገው አሠሩ፣ ውስጡን ባዶ አስደረጉት፣ ከዚያም አንዳቸው ከነካሜራው ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሜዳ ላይ ይጠብቅ ጀመር። ወፎቹ በሬ ያውቃሉ፤ በሬ አጠገብ ውለው ያድራሉ፤ አልሸሹም። ኋላ ደግሞ በግ ሠሩ።

«አስቡት» አሉ ጋሼ፣ ወደ ኋላ ዞረው። «ሰው ለአንዲት ሚጢጢ ወፍ ብሎ በሬ ሆድ ውስጥ ጎብጦ ሲውል። ትንፋሹን፣ ሙቀቱን፣ የወገቡን ነገር አስቡት።»

እኔም አሰብኩት። ከእነሱ በፊት ወፍን ቀረብ ብሎ ሊያይ የፈለገ ሰው የሚያነሳው ጠመንጃ ነበር፤ ተኩሶ ጥሎ፣ በእጁ ይዞ፣ አገላብጦ ነው የሚያያት። ኪርተኖች ወፏ በሕይወት እንዳለች፣ ሥራዋን ሳትተው፣ ቤቷ ላይ እንደተቀመጠች ሊያዩዋት ጎበጡ። በእኔ አስተያየት የሙያው ክብር የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

ሐዋሳ የገባነው ቀትር ላይ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፣ ሐይቁም ቀለሙን አጥቶ ያንጸባርቅ ነበር፣ ልጅቱም ሻንጣዋን አስቀምጣ ወዲያው ወደ ውኃው ልትሮጥ ስትል ጋሼ ክንዷን ያዝ አደረጉ። «በዚህ ሰዓት ጉርድ ፎቶ አይነሳም። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ ግንባር ዓይን ላይ ጥላ ይጥላል። አሁን የምናየው በዓይናችን ብቻ ነው» አሏት። ስለዚህ ምሳችንን በላን፣ አረፍን፣ ከዚያም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሐይቁ ዳር ካሜራ ሳንይዝ ተራመድን፤ አባ ኮዳዎቹ ወደ ማደሪያ ዛፎቻቸው ሲገቡ አየን፣ የትኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደሚሻሙ፣ ከማረፋቸው በፊት እግራቸውን እንዴት እንደሚዘረጉ፣ ሲያርፉ ስንት ጊዜ ክንፋቸውን ከፍተው እንደሚዘጉ አየን። ጋሼ ሙሽራ ሊያነሱ ሲሄዱም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ከዋዜማው ቤቱን ያያሉ፣ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ያያሉ፣ ሙሽሪት ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን መሆን አለመሆኗን ያያሉ።

በነጋታው ማለዳ ሐይቁ ዳር ዓሣ ወደሚወጣበት ቦታ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድን። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ በጠዋት ውኃውን ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆንለታለች፤ ፎቶ አንሺ ቦታውን ምረጥ ቢባል ሌላ አይመርጥም። ጉም ከውኃው ላይ ገና እየተነሳ ነበር። ማታ መረባቸውን የጣሉት ዓሣ አጥማጆች በእንጨት ጀልባቸው እየቀዘፉ መጡ፣ ከዚያም መረቡ ወጣ፣ ከመረቡም ቆሮሶው እየተፈለቀቀ ወደቀ፣ አልፎ አልፎም አምባዛ ይወድቃል፣ ከዚያም ልጆቹ ቢላዋቸውን ይዘው ተቀመጡና ቅርፊቱን መፋቅ፣ ሥጋውን መግፈፍ ጀመሩ፤ ከአጠገባቸው የሾርባው ድስት ተጥዶ ይጨሳል። አባ ኮዳዎቹም መጡ። ከየዛፉ ወርደው፣ በረጅም እግራቸው እየተራመዱ፣ የሚጣለውን አንጀትና ጭንቅላት እየጠበቁ ከሰው መሐል ቆሙ።

ይህን ወፍ ብዙ ሰው መልከ ጥፉ ነው ይላል። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ራሱ መላጣ ነው፣ ቆዳው ቀላና ጠቆር ያለ ዥንጉርጉር፣ እዚህም እዚያም የሳሳ ጸጉር መሳይ ላባ ያለበት። አንገቱ ሥር የሚንጠለጠለው ከረጢት ምግብ መያዣ ይመስላል፤ አይደለም፣ ከመተንፈሻው ጋር ነው የሚገናኘው፣ በአየር ይነፋዋል። እግሩ ነጭ ሆኖ የሚታየውም ተፈጥሮው ነጭ ስለሆነ አይደለም፤ ሙቀት ሲበረታበት እግሩ ላይ ይጸዳዳል፣ እርጥበቱም ሲተን ሰውነቱን ያቀዘቅዝለታል። የበሰበሰውንና የተጣለውን እየለቀመ ሰፈር የሚያጸዳልን ፍጡር ነው። መላጣ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ጥንብ ውስጥ የሚገባ ራስ ላባ ቢኖረው ያቆሽሸው ነበር። ጋሼ ግን ስለ መልኩ ክርክር አልገቡም። «እኔ ፎቶ ቤት መልከ ጥፉ ሰው ገብቶ አያውቅም» አሉና ባዶ ማዳበሪያ ከረጢት ለምነው መሬት ላይ አነጠፉ።

መጀመሪያ ዓሣ አጥማጆቹን አስፈቀዱ። የሰው ሥራ ቦታ ነው፤ ካሜራ ደቅኖ ዝም ብሎ አይገባበትም። ከዚያም ልጅቱ ከረጢቱ ላይ ተንበረከከች፤ ጋሼም ጉልበታቸው እያመማቸው አጠገቧ ተንበረከኩ። ከብዙዎቹ ወፎች አንዱን መረጡ፣ ከግርግሩ ገለል ብሎ ውኃው ጠርዝ ላይ የቆመውን። ልጅቱ ዓይኗን ካሜራው ላይ ስታደርግ ከወፉ ራስ በስተኋላ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ጀልባ ነበር፤ የመንቁሩ መስመር ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተደባልቆ የቱ ወፍ የቱ እንጨት እንደሆነ አይለይም። ድንጋይ ልትወረውር፣ ወፉን ልታንቀሳቅሰው አሰበች መሰለኝ፣ እጇ ወደ መሬት ሄደ። «ተይ» አሉ ጋሼ። «እሱን አታንቀሳቅሺው፤ አንቺ ተንቀሳቀሺ።» በጉልበቷ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ግራ ሄደች፤ ጀልባው ከወፉ ራስ ኋላ ወጣና በቦታው ከሩቅ ያለው ውኃና ጉም ገባ። መጋረጃው ተሰቀለ ማለት ነው። ወፉ ቅርብ፣ ከኋላው ያለው ሩቅ ሲሆን ሌንሱ ራሱ የኋላውን ያለሰልሰዋል፤ ይህን የሚያደርገው የካሜራው ዋጋ ሳይሆን የምትቆሙበት ቦታ ነው፣ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከዚያም ካሜራውን አቆመችው። በአግድም ይዛው ነበር፤ ረጅም ወፍ በአግድም ፍሬም ውስጥ ሲገባ ወይ እግሩ ይቀራል ወይ ደግሞ ግራና ቀኙ ባዶ ሜዳ ይሆናል። በቁም ያዘችው። እግሩ ከሚታጠፍበት መጋጠሚያ ላይ ቆርጣው ነበር፤ ጋሼ በትንሿ ስክሪን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወይ እስከ ጥፍሩ፣ ከጥፍሩም በታች ትንሽ መሬት፤ ወይ ደግሞ ጉርድ። መሐል ላይ የለም» አሉ። እሷም ጉርዱን መረጠች፣ ሌንሱን ሳበችና ከአንገቱ ከረጢት በታች፣ ደረቱ ላይ ቆረጠችው፤ ከረጢቱ ሙሉ ለሙሉ ገባ፣ ምክንያቱም የወፉ መለያ እሱ ነው። ወፉ ወደ ሐይቁ ያያል፣ መንቁሩም ረጅም ነው፤ ስለዚህ ከመንቁሩ ፊት ለፊት ሰፊ ቦታ ተወችለት፣ ከማጅራቱ ኋላ ጥቂት። ፍጥነቱን የሰከንድ 1/500ኛ አደረገችው፤ የቆመ የሚመስል ወፍም ራሱን ሁልጊዜ ይነቀንቃልና። ፎከሱን ዓይኑ ላይ አሳረፈች። ከዚያም ጋሼ «ጠብቂ» አሉ።

እዚህ ላይ ስለ ዓይን አንድ ነገር ላስገባ። በ1926 እና በ1927፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፣ ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ የሚባል አሜሪካዊ የወፍ ሠዓሊ ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ከላከው ቡድን ጋር በበቅሎ ከደጋ ቆላ ሲዞር፣ የእኛኑ ወፎች በቀለም ሣለ። በዚያ ዘመን ልማድ ወፉ ተተኩሶ ነው የሚሣለው፤ ወፍ ሲሞት ደግሞ የዓይኑና የባዶ ቆዳው ቀለም ከላባው ቀድሞ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ሠዓሊ ሌላውን ሁሉ ትቶ ዓይኑን ለመያዝ ይቻኮላል። ፉዌርቴስ አገሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በነሐሴ 1927፣ ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። የኢትዮጵያ ወፎች ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፤ ተርፈው ተገኙ፣ ሙዚየሙም በ1930 በአልበም አሳተማቸው። ያ ሰው እየሸሸበት ሲሽቀዳደመው የነበረው የዓይን ቀለም ነው አሁን ለእኛ ቆሞ የሚጠብቀን፤ ወፉም ሳይሞት። ታዲያ ለዚህ ጥቂት መንበርከክ ይበዛል?

ልጅቱም ጠበቀች። የአባ ኮዳ ዓይን ትንሽ ነው፣ ጠቆር ያለ ነው፣ ጥላ ውስጥ ሲሆን ከፊቱ ቆዳ አይለይም። ወፉ ራሱን ወዲያ ወዲህ አደረገ፣ መንቁሩን ገጭ አደረገ፣ ክንፉን ሰበሰበ። ከዚያም አንድ ልጅ አንጀት ወረወረ፣ ወፉም ራሱን ቀና አድርጎ ወደ ፀሐይዋ በኩል ዘወር አለ፣ የጠዋቱም ብርሃን ዓይኑ ላይ ነጥብ ሆኖ በራ። ጠቅ።

ዓሣ የሚገፍፉት ልጆች ሥራቸውን ጥለው ስክሪኑን ሊያዩ ከበቧት። ከመካከላቸው አንዱ፣ እጁ ቅርፊት በቅርፊት የሆነ ልጅ፣ ጣቱን ሳያስነካ ወደ መንቁሩ አመለከተ፤ መንቁሩ ላይ የቆየ ስንጥቅ አለ። «ይሄማ የኛው ነው» አለ። «ከእኛ ጀልባ አጠገብ ነው ሁልጊዜ የሚቆመው፤ ሌሎቹን ያባርራል።» ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከከረጢቱ ላይ በልጁ ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ልብሳቸውን አራገፉ። የጉርድ ፎቶ ሥራው ይኸው ነው፤ የሚያውቀው ሰው ሲያየው እሱ ነው ካለ ፎቶው ተነሥቷል፤ ካላለ ዳግም መነሳት አለበት።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቶሎ ልበላችሁ። ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ድረስ ነጯን የውኃ ዳር ወፍ አነሳች፤ ካሜራ ሁሉን ግራጫ ማድረግ ይወዳልና፣ ወፏ ትንሽ ሆና ኋላዋ ጨለማ ሲሆን ነጩን ከመጠን በላይ ያበራዋል፣ የላባው መስመር ይጠፋል፤ ስለዚህ ብርሃኑን መቀነስ እንዳለባት ተማረች። ጥቁርና ነጩን ዓሣ አዳኝ ወፍም አየር ላይ በአንድ ቦታ ክንፉን እያርገበገበ ሲቆም ሞከረችው፤ እሱን ለመያዝ የሰከንድ 1/2000ኛ አስፈለጋት፤ እሱ ግን የጉርድ ነገር አይደለም፣ ሌላ ትምህርት ነው።

ስንመለስ ደግሞ ግራሮቹ ሥር መኪናውን አቁመን ሳለ ወደ ቢጫዎቹ ወፎች ጎጆ ተጠግታ ቅርንጫፉን ወደ ታች ልትስበው ስትል ጋሼ አስቆሟትና አንድ ታሪክ ነገሯት። ኤሪክ ሆስኪንግ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በዘመኑ የታወቀ የወፍ ፎቶ አንሺ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በጨለማ ወደ ጉጉት ጎጆ ሲጠጋ ጉጉቷ ጥፍሯን ዓይኑ ውስጥ ሰክታው አንድ ዓይኑን አጥቷል፤ ከዚያም በኋላ በቀረው ዓይኑ ሥራውን ቀጠለ። «ጉጉቷ ልጆቿን ነው የጠበቀችው፤ አይፈረድባትም» አሉ ጋሼ። «የእነዚህ ወፎች ጥፍር ግን ዓይን አያወጣም። እናት ጎጆዋን ጥላ ትሄዳለች፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል፣ ማንም ሳያይ ያልቃል። ጎጆ ሲሆን ከሩቅ።» ልጅቱም እጇን ሰበሰበችና ወደ መኪናው ተመለሰች።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ልጅቱ ሩቅ መሄድ አላሻትም። በሰፈሯ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ባለው አጥር ላይ ዘወትር የሚቆመውን ቁራ ያዘች። ይህ ትልቁ ቁራ፣ መንቁሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላው ዓለም የለም፤ ሰው ግን ከኖኅ መርከብ ወጥቶ ሳይመለስ ከቀረበት ቀን ጀምሮ አልማረውም፣ ዛሬም ተልኮ የቀረውን ሰው የቁራ መልእክተኛ እንለዋለን። ቁራ ለጉርድ ፎቶ ከአባ ኮዳ ይከብዳል። ጥቁር ዓይን በጥቁር ላባ ውስጥ ነው። ወፉ ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጥቁሩን ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል፣ ስለዚህ ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ ነው፤ ወፉ ትንሽ ሆኖ ኋላው ብሩህ ሰማይ ሲሆን ደግሞ ጥላ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ መጨመር ነው። ልጅቱ ይህን በጠዋት በጠዋት እየሄደች፣ ሥጋ ሻጩ ወንበር እያወጣላት፣ ከአጥሩ ጋር እኩል ሆና ተለማመደችው፤ ቁራውም ለመዳት።

አንድ ቀን ሁለት ወረቀት ይዛ ጋሼ ፎቶ ቤት መጣች፣ አንዱን ፎቶ በሁለት አቆራረጥ። የመጀመሪያው ጋሼ ያስተማሯት ነው፤ ደረቱ ላይ የተቆረጠ፣ በሚያይበት በኩል ሰፊ ቦታ ያለው፣ ከኋላው ያለው ለስላሳ አረንጓዴ የሆነ። ሁለተኛው የራሷ ነው፤ ደረቱን ሁሉ ትታ ራሱን ብቻ ይዛለች፣ የመንቁሩ ቅስት ወረቀቱን ከጥግ እስከ ጥግ ያቋርጠዋል፣ ዓይኑ ወደ ላይኛው ሲሶ ወጥቷል፣ ከማጅራቱም ነጩ ብቻ በጠርዙ በኩል ይታያል። «ጋሼ፣ የትኛው ይሻላል?» አለች።

ጋሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩ። «ሕጉ የመጀመሪያው ነው» አሉ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «አንተስ?» አሉኝ።

ሁለተኛው አልኳቸው፤ አሁንም ብትጠይቁኝ የምለው እሱኑ ነው። የመጀመሪያውን ያየ ሰው ጥሩ የቁራ ፎቶ ነው ይላል። ሁለተኛው ግን ከዚያ በፊት ቁራ ላይ ያላየሁትን አሳየኝ፤ የላባው ጥቁር ውስጥ ወይን ጠጅና ሰማያዊ አለ፣ መንቁሩ ጫፍ ላይ ነጣ ያለ ነው፣ ዓይኑም ያያል። ደረቱ ቢጨመር እነዚህ ሁሉ ያንሱ ነበር። ልጅቱ ሕጉን ያፈረሰችው ሕጉ የቆመለትን ነገር ይበልጥ ለማቅረብ ነው፤ እዚህ ለመድረስ ግን መጀመሪያ አሞራ ገደል መንበርከክ ነበረባት።

ጋሼ ጥቂት አሰቡና መዶሻና ሚስማር አመጡ። ግድግዳው ላይ የሠርጉና የምርቃቱ ፎቶ ተደርድሯል፤ ከመሐላቸው የአንዱን ሙሽራ ትንሽ ወደ ግራ ገፋ አደረጉና ሁለተኛውን ሰቀሉት። ከዚያም ለልጅቱ የፍሬሙን ዋጋ ነገሯት፤ የቤቱን ዋጋ ነው፣ ለሰው ከሚያስከፍሉት አልቀነሱም።